የድጓ ምልክትና የኮምፒውተር ፕሮግራም

ባለፈው እሁድ የእህቴ ልጅ ጀሞ ያለው ቤቴ መጥቶ ነበር። ሥራው የኮምፒውተር ፕሮግራም መጻፍ ነው። አባቴ የተዉልኝን ድጓ ገልጦ ሲያይ ቆየና «ጋሼ፣ እነዚህ በመስመሮቹ መካከል ያሉት ትንንሽ ፊደላት የአንባቢ ማስታወሻ ናቸው?» አለኝ። እኔም «መጽሐፉ የሚዜመው በእነሱ ነው» አልኩት። ከዚያ ወዲያ ምሳው ቀዘቀዘ።

የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ዜማ በትውፊት የ6ኛው ክፍለ ዘመን ሊቅ የቅዱስ ያሬድ ነው። ስልቶቹም ሦስት ናቸው፤ ግዕዝ፣ ዕዝልና አራራይ። የጽሑፍ ምልክቱን ያደራጁት ግን በአፄ ገላውዴዎስ ዘመን (እ.ኤ.አ. ከ1540 እስከ 1559) የነበሩት አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል እንደሆኑ ይነገራል።

ምልክቱ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው የሰረዝና የነጥብ ሲሆን ይዘት፣ ደረት፣ ርክርክ፣ ድፋት፣ ቅናት፣ ጭረት፣ ሂደትና ቁርጥ ይባላል። የአብዛኞቹ ስም ራሱ ትእዛዝ ነው፤ ያዝ፣ ድፋ፣ ቁረጥ። ሁለተኛው የፊደል ምልክት ነው። ከታወቀ ዜማ ቃል ላይ አንድ ሁለት ፊደል ተወስዶ በሌላ ቃል አናት ላይ በደቃቁ ይጻፋል። ትርጉሙም «ይህን ቃል በዚያኛው ዜማ በል» ማለት ነው። እንዲህ ያለው ምልክት በመቶዎች የሚቆጠር ሲሆን፣ ተማሪው ከነዜማው በቃሉ ይይዘዋል።

ልጁ ሳቀ። «ይሄማ ፈንክሽን መጥራት ነው!» አለኝ። እንዳስረዳኝ ከሆነ ፕሮግራመር አንድን ሥራ አንዴ ጽፎ ስም ያወጣለታል። ከዚያ በኋላ በሚያስፈልገው ቦታ ሁሉ ስሙን ብቻ ይጽፋል፤ ማሽኑ ዝርዝሩን ላይብረሪ ከሚሉት ክምችት አምጥቶ ይፈጽማል። ሕግ ለተማርን ሰዎች ነገሩ እንግዳ አይደለም። «በአንቀጽ እከሌ የተደነገገው ተፈጻሚ ይሆናል» ብሎ ወደ ሌላ ገጽ የማይልክ ሕግ አርቃቂ አላጋጠመኝም።

ማሕሌቱም እንዲሁ ነው። አንዱ ቃል መጀመሪያ ያለ መሣሪያ በቁም ይዜማል፣ ከዚያ በመቋሚያ ይዘመማል፣ ቀጥሎ በከበሮና በጸናጽል ይወረባል፣ እየፈጠነም ይሄዳል። ቃሉ ያው ነው፤ የሚለወጠው አፈጻጸሙ ነው። ልዩነቱ ስህተት ሲመጣ ነው። ኮምፒውተሩ አንዲት ነጥብ ብትጎድል ይቆማል። ማሕሌቱ ግን አይቆምም፤ አንዱ ሲስት መሪጌታው ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ይመልሱታል።

ሁለቱ ዓለማት በእርግጥም ተገናኝተዋል። ፊደላችን በዩኒኮድ፣ ማለትም ኮምፒውተሮች በጋራ በሚጠቀሙበት የፊደላት መለያ ቁጥር ውስጥ፣ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። በ2005 በወጣው 4.1 እትም ደግሞ አሥር የዜማ ምልክቶች ተጨመሩ። እነሱም ከላይ የዘረዘርኳቸው ስምንቱ፣ አጭር ርክርክና ደረት-ሂደት ናቸው። ትልቅ ነገር ነው። ነገር ግን የገባው ስሙ ነው፤ ላይብረሪው አልገባም። ዜማው ያለው ለዓመታት በተማሩ ሰዎች ራስ ውስጥ፣ የድጓ ምስክር በሆነችው በጋይንት ቤተልሔምና በመሰሎቿ ነው። ኬይ ካውፍማን ሸለማይና ፒተር ጄፍሪ የተባሉ አሜሪካውያን ምሁራን እ.ኤ.አ. ከ1993 እስከ 1997 በሦስት ቅጽ ባሳተሙት ሥራ ዜማውን በምዕራባውያን ኖታ አስፍረዋል። ባለውለታዎቻችን ናቸው። ሆኖም ርክርክን ከኖታ የተማረ ሰው አላውቅም። በእኔ እምነት እያንዳንዱ ምልክት ከሊቃውንቱ ድምፅ ጋር ተቀድቶ መቀመጥ አለበት፤ ያውም ሊቃውንቱ በሕይወት ሳሉ።

ልጁ መጽሐፉን ወደ እኔ ገፋ አድርጎ «እስቲ አንዱን ያዚሙልኝ» አለኝ። አልቻልኩም። አባቴ ይችሉ ነበር፤ እኔ የወረስኩት መጽሐፉን ብቻ ነው። ለመጪው ቅዳሜ የሰፈራችንን መሪጌታ ቀጥረናቸዋል፤ እኔ ድጓውን፣ እሱ መቅረጫውን ይዘን እንሄዳለን።