የአንዲት «ኢንግ» ጦስ፦ የአሜሪካ የመሣሪያ ክርክር ከየት ይነሣል?

የአሜሪካ ሕገ መንግሥት ሁለተኛው ማሻሻያ በእንግሊዝኛ 27 ቃላት ብቻ ነው። አገሪቱን ለሁለት የከፈለው የጦር መሣሪያ ክርክር ዞሮ ዞሮ ወደዚህ አንድ ዓረፍተ ነገር ይመለሳል። ከክርክሩ ሥር ደግሞ «ቢኢንግ» የምትባል፣ በ«ኢንግ» የምታልቅ ትንሽ ግስ አለች።

ዓረፍተ ነገሩ ሁለት ሐሳብ ይዟል። አንደኛው፣ በሥርዓት የተደራጀ ሚሊሻ ለነፃ መንግሥት ደኅንነት አስፈላጊ ነው። ሁለተኛው፣ የሕዝቡ መሣሪያ የመያዝና የመታጠቅ መብት አይነካም። እነዚህ ሁለት ራሳቸውን የቻሉ ዓረፍተ ነገሮች መሆን ይችሉ ነበር። አርቃቂዎቹ ግን የመጀመሪያውን ማሰሪያ አንቀጽ ፈተው፣ በ«ኢንግ» ከሁለተኛው ጋር ሰፉት። በመካከሉ «ስለዚህ» የለም፤ «እስከሆነ ድረስ» የለም።

በጥንታዊው እንግሊዝኛ ሁለት የተለያዩ መድረሻዎች ነበሩ። አንዱ ከግስ ስም ያወጣ ነበር፤ ሌላው ድርጊቱን እንደ ቅጽል ያሳይ ነበር። በመካከለኛው ዘመን ሁለቱም በ«ኢንግ» ተዋሐዱ። ዛሬ ተማሪ «ጀረንድ» እና «ፓርቲሲፕል» እያለ ሲለያቸው የሚቸገረው ለዚህ ነው፤ የማሻሻያዋ «ቢኢንግ» ከሁለተኛው ወገን ናት። በዚህ መንገድ የተሰፋ ዓረፍተ ነገር አጭር ነው፣ ያምራል፤ ነገር ግን በሁለቱ ሐሳቦች መካከል ያለውን ዝምድና ራሱ አይናገርም። አንባቢው ይሞላዋል።

የአማርኛው ቦዝ አንቀጽም ይህን ጠባይ ያውቃል። «ዝናብ ዘንቦ መንገዱ ተዘጋ» ሲባል «ስለዘነበ» ነው ወይስ «ከዘነበ በኋላ»? ማሻሻያውን ወደ አማርኛ የሚመልስ ሰው «አስፈላጊ ሆኖ» ቢል አሻሚነቱን ይጠብቃል፤ «አስፈላጊ በመሆኑ» ቢል ምክንያት አድርጎ ወስኗል። የውጫሌን ውል 17ኛ አንቀጽ ለሚያስታውስ፣ ግስ መንግሥታትን ሲያጣላ ማየት እንግዳ አይደለም።

በ18ኛው ክፍለ ዘመን ይህ አሰፋፍ የተማረ ሰው ምልክት ነበር። ላቲን ተመሳሳይ ቅርጽ አለው፤ ረቂቁን ያቀረበው ጄምስ ማዲሰንም ላቲን ጠንቅቆ የተማረ ሰው ነው። እ.ኤ.አ. ሰኔ 8 ቀን 1789 ለምክር ቤቱ ያቀረበው ግን ዛሬ የምናውቀውን አይመስልም። በእሱ ረቂቅ መብቱ ይቀድማል፣ ሚሊሻው ይከተላል፣ በመጨረሻም ሃይማኖቱ መሣሪያ መታጠቅን የሚከለክለው ሰው በግድ እንዳይዘምት የሚል ሐረግ ነበረበት። የተወካዮች ምክር ቤት ኮሚቴ ቅደም ተከተሉን ገለበጠው፤ ሴኔት የሃይማኖቱን ሐረግ አወጣው። እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 15 ቀን 1791 የጸደቀው ይህ የተገለበጠና ያጠረ ጽሑፍ ነው። የወጣው ሐረግ ቀላል አልነበረም፤ «መታጠቅ» ሲባል ስለ ውትድርና እንደሚወራ የሚጠቁም ነበርና።

ነገሩ የፈነዳው እ.ኤ.አ. በ2008 ነው። የዋሽንግተን ዲሲ አስተዳደር ሽጉጥን በቤት ማኖር ጭምር ይከለክል ነበር። በሄለር ጉዳይ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ክልከላውን 5 ለ 4 ሻረ። የስነ ልሳን ምሁራን «ቢኢንግ» ምክንያት ትናገራለች፣ ስለዚህ መብቱ ከሚሊሻ ጋር የተሳሰረ ነው ብለው ጽሑፍ አስገብተው ነበር። የሚገርመው፣ የአብላጫውን ውሳኔ የጻፉት ዳኛ አንቶኒን ስካሊያም ዓረፍተ ነገሩ በ«ምክንያቱም» ሊተረጎም እንደሚችል ተቀብለዋል። ልዩነቱ ቀጥሎ ነው። ለስካሊያ መግቢያው ዓላማውን ይናገራል እንጂ መብቱን አያጠብም። ለተቃዋሚው ዳኛ ጆን ፖል ስቲቨንስ ደግሞ መግቢያው የመብቱን ልክ የሚሰጥ ነው።

ለስካሊያ ወገን አንድ ጠንካራ ማስረጃ አለ። የሮድ አይላንድ ሕገ መንግሥት የፕሬስ ነፃነት ለአገር ነፃነት አስፈላጊ «ሆኖ» ማንም ሰው ሐሳቡን ማሳተም ይችላል ይላል፤ አሰፋፉ ያው ነው። ሆኖም ለአገር ነፃነት የሚጠቅም ጽሑፍ ብቻ ይታተም ብሎ የሚተረጉመው የለም። ይህ ግን ግማሽ መልስ ነው፤ ፕሬስ ዛሬም አለ፣ ገበሬው ጠመንጃውን ከቤቱ ይዞ የሚወጣበት የ1791 ሚሊሻ ግን የለም። ምክንያቱ ሲጠፋ መብቱ ምን ይሆናል ለሚለው ሰዋስው መልስ የለውም። በነጠላ ሰረዝ የተከራከሩም ነበሩ፤ የዘመኑ ቅጂዎች በሰረዝ ብዛት ስለሚለያዩ ያ መንገድ ሩቅ አያስኬድም።

እ.ኤ.አ. በ2010 ውሳኔው ለክፍለ ግዛቶችም እንዲሠራ ተደረገ፤ በ2022 ደግሞ ከቤት ውጭ ሽጉጥ መያዝን ሸፈነ። በመካከሉ፣ ጡረታ የወጡት ስቲቨንስ በ2014 ባሳተሙት መጽሐፍ፣ መብቱ «በሚሊሻ ውስጥ በሚያገለግሉበት ጊዜ» እንዲሆን አምስት የእንግሊዝኛ ቃላት ይጨመሩ ብለው ሐሳብ አቀረቡ። አልተጨመሩም።