ቀይ ቀበሮና የያቤሎዋ ቁራ፦ የሁለት ስሞች ታሪክ

የአንድ አገር ታሪክ በነገሥታት ዜና መዋዕልና በጦር ሜዳ ብቻ ተጽፎ የሚቀር አይደለም፤ በአራዊቱና በአዕዋፉ ስም ውስጥም ይነበባል። ለዚህ ከኢትዮጵያ ውጭ የማይገኙ ሁለት ፍጥረታት ምስክር ናቸው፤ የደጋው ቀይ ቀበሮና የቦረናዋ የቁጥቋጦ ቁራ።

ቀይ ቀበሮን ለአውሮፓ ሳይንስ ያስተዋወቀው እ.ኤ.አ. በ1830ዎቹ መጀመሪያ አገራችንን የጎበኘው ጀርመናዊው ኤድዋርድ ሩፔል ነው። «ካኒስ ሲመንሲስ» የሚለው ስያሜ ከስሜን ተራሮች የተወሰደ ስለሆነ እንስሳው የትውልድ ቀዬውን ስም እንደያዘ ኖሯል። ፈረንጆቹም ለረጅም ጊዜ ቀበሮ ሲሉት ኖሩ፤ እ.ኤ.አ. በ1994 የወጣ የዘረመል ጥናት ግን ይበልጥ የሚዛመደው ከተኩላ ጋር መሆኑን አሳየ።

የወፏ ዕጣ ከዚህ የተለየ ነው። ድምጿ ሻካራ ቢሆንም ሊቃውንት የቁራን ወገን ከዘማሪ ወፎች ይመድቡታል። እ.ኤ.አ. በ1938፣ አገሪቱ በፋሺስት ወረራ ሥር ሳለች፣ ጣልያናዊው ኤድጋርዶ ሞልቶኒ «ዛቫታሪዮርኒስ ስትሬሰማኒ» ብሎ ሰየማት። የመጀመሪያው ስም ለኤዶዋርዶ ዛቫታሪ፣ ሁለተኛው ለጀርመናዊው የወፍ ተመራማሪ ለኤርዊን ስትሬሰማን መታሰቢያ ነው። ዛቫታሪ በዚያው ዓመት ጣልያናውያን «አርያን» መሆናቸውን፣ አይሁድ ግን ከእነርሱ አለመቆጠራቸውን ባወጀው የዘር መግለጫ ላይ ከፈረሙት ምሁራን አንዱ ነበር። ዘርን ከዘር የሚያበላልጥ ሰው ስም በቦረና ወፍ ላይ ታትሞ ቀረ።

በኑሯቸው ግን ሁለቱ ይቀራረባሉ። ሁለቱም ልጆቻቸውን በመተጋገዝ ያሳድጋሉ። ሁለቱም በቅዝቃዜ ደሴት የታጠሩ ናቸው፤ ቀበሮው ከሞላ ጎደል ከ3000 ሜትር በላይ ይኖራል፣ ወፏም በያቤሎ፣ በሜጋና በአሬሮ ዙሪያ ካለው፣ ከአካባቢው ቀዝቀዝ ካለ ምድር አትወጣም። የዓለም ሙቀት በጨመረ ቁጥር ለሁለቱም መሸሻ ይጠባል። የቀሩት ጎልማሳ ቀበሮዎች 500 ገደማ ሲሆኑ፣ እርሻ ወደ ላይ እየወጣባቸው፣ ከቤት ውሻ የሚተላለፍ የእብድ ውሻ በሽታም እየፈጃቸው ነው።

በላቲኑ ስም ውስጥ ያልተጻፉ ባለውለታዎችም አሉ። የመንዝ ሕዝብ የጓሳን ሣርና ግጦሽ «ቄሮ» በተባለ ሥርዓት ለዘመናት ሲጠብቅ ለቀበሮውም ማደሪያ ጠበቀለት። የቦረና አርብቶ አደር ከብት የጋጠው አጭር ሣርም ለወፏ ነፍሳት መልቀሚያ ሆነላት። ተመራማሪው ስም ሰጥቶ ሄደ፤ ፍጥረቱን ለዛሬ ያደረሰው ግን ባለአገሩ ነው። ስለዚህ ነገ ስለ ሁለቱ ህልውና በሚመከርበት ሸንጎ፣ ቀድሞ ሊደመጥ የሚገባው ድምፅ የእርሱ ነው።