ቦትልኔክ፦ የኮምፒውተር ማነቆ

ማነቆ አንድ ሥራ ከሚያልፍባቸው ክፍሎች ሁሉ ቀርፋፋው፣ የሌሎቹንም ፍጥነት በራሱ ልክ የሚወስነው ክፍል ነው። የኮምፒውተር ባለሙያዎች “ቦትልኔክ” ይሉታል። ያረጀ የቤት ኮምፒውተሩን ለጌም ማሻሻል የሚያስብ ሰው ከሁሉ በፊት ሊያውቀው የሚገባ ቃል ነው፤ ማነቆው ሳይታወቅ የሚገዛ ዕቃ ብዙውን ጊዜ በከንቱ የወጣ ገንዘብ ይሆናልና።

ቃሉና ትርጉሙ

የእንግሊዝኛው ቃል በቀጥታ ሲፈታ “የጠርሙስ አንገት” ነው። አማርኛ ግን “አነቀ” ከሚለው ግስ የወጣ የራሱ ቃል አለው። “ለኢንቨስትመንት ማነቆ የሆነ አሠራር” ሲባል በዜና ሰምተናል። በዜናው ቋንቋ ማንኛውም እንቅፋት ማነቆ ይባላል። በኮምፒውተር ግን ትርጉሙ ይጠብባል፦ ክፍሉ ጤነኛ ሊሆን ይችላል፤ ማነቆ የሚያሰኘው ሌሎቹ እርሱን መጠበቃቸው ነው። ድግስ ባለበት ቤት ሊጡ ሞልቶ፣ ጋጋሪዎቹም ብዙ ሆነው ምጣዱ አንድ ከሆነ፣ የእንጀራውን ብዛት የሚወስነው ምጣዱ ነው። ሌላ ሊጥ ማቡካት አንዲት እንጀራ አያስጨምርም።

በጌም ውስጥ እንዴት ይሠራል?

ጌም በስክሪኑ ላይ የሚንቀሳቀሰው ፍሬም የሚባሉ ሥዕሎች በፍጥነት ሲከታተሉ ነው። በሰከንድ 60 ፍሬም ለማየት እያንዳንዱ በ16.7 ሚሊሰከንድ ውስጥ መድረስ አለበት። ፕሮሰሰሩ የተጫዋቾቹን እንቅስቃሴና የጌሙን ሕግ አስልቶ ፍሬሙን ያሰናዳል፤ ግራፊክስ ካርዱ የተሰናዳውን ይስላል። ሁለቱ ጎን ለጎን ስለሚሠሩ ፍጥነቱን የሚወስነው የዘገየው ነው።

ፕሮሰሰሩ ለአንድ ፍሬም 25 ሚሊሰከንድ፣ ግራፊክስ ካርዱ 12 ሚሊሰከንድ ይፈጅባቸዋል እንበል። የሚታየው በሰከንድ 40 ፍሬም ነው። ባለቤቱ ሥዕሉን በ6 ሚሊሰከንድ የሚጨርስ ውድ ካርድ ቢገዛም በሰከንድ የሚያየው ያው 40 ነው። በተቃራኒው ፕሮሰሰሩ 10፣ ካርዱ 40 ሚሊሰከንድ ቢወስዱ፣ እጥፍ የሚፈጥን ካርድ ከ25 ፍሬም ወደ 50 ያደርሰዋል። እጥፍ የሚፈጥን ካርድ በአንዱ ቤት ምንም አልፈየደም፤ በሌላው ቤት ጌሙን እጥፍ አፈጠነው።

አሜሪካዊው የኮምፒውተር ሊቅ ጂን አምዳል እ.ኤ.አ. በ1967 ያቀረበው፣ ዛሬ “የአምዳል ሕግ” የሚባለው ሐሳብም ከዚህ ጋር ይዛመዳል፦ አንዱን ክፍል ማፍጠን የሚያስገኘው ጥቅም ያ ክፍል ከጠቅላላው ጊዜ በያዘው ድርሻ ይወሰናል። ጌሙ ለመከፈት 60 ሰከንድ ቢፈጅና 48ቱ ከሃርድ ዲስክ በማንበብ፣ ቀሪው በፕሮሰሰሩ ሥራ ቢያልፍ፣ ፕሮሰሰሩን በእጥፍ ማፍጠን የሚያተርፈው 6 ሰከንድ ብቻ ነው። በሃርድ ዲስኩ ፈንታ የሚገባ፣ በአራት እጥፍ ፍጥነት የሚያነብ ኤስኤስዲ ግን 36 ሰከንድ ያተርፋል።

ማነቆውን መፈለግ

ፍለጋው ገንዘብ አይጠይቅም። መጀመሪያ አቧራው ይጠረግ፤ የጋለ ፕሮሰሰር ራሱን ለመጠበቅ ፍጥነቱን ይቀንሳል። ቀጥሎ ቪ-ሲንክና ሌላ የፍሬም ገደብ ጠፍቶ ጌሙ ይከፈት፤ ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕ አብረው ሲጫኑ የሚመጣው ታስክ ማናጀርም ይታይ። ግራፊክስ ካርዱ ሳያቋርጥ ወደ መቶ በመቶ ከተጠጋ ማነቆው እርሱ ነው። የፕሮሰሰሩ ቁጥር ግን ያሳስታል፤ ከፕሮሰሰሩ ኮሮች (የስሌት ክፍሎች) አንዱ ታንቆ ሌሎቹ ሥራ ቢፈቱ አማካዩ ዝቅ ብሎ ይታያል።

ስለዚህ ሌላ ፈተና ይጨመር። የጌሙ የምስል ጥራት ከ1920 በ1080 ወደ 1280 በ720 ዝቅ ይበል። የሚሳለው ነጥብ ከ2,073,600 ወደ 921,600 ይወርዳል፤ የካርዱ ሸክም ቀለለ ማለት ነው። ፍሬሙ በደንብ ከጨመረ ማነቆው ካርዱ ነበር። ካልጨመረ ፕሮሰሰሩን ወይም ራሙን (ጊዜያዊ ማህደረ ትውስታውን) መጠርጠር ነው። ጌሙ ደህና እየሄደ ድንገት ስታክ የሚያደርግ ከሆነና ራሙ ሞልቶ ከተገኘ፣ ዊንዶውስ በራም ፈንታ ዲስኩን እየተጠቀመ ሊሆን ይችላል።

ፈተናው በሚጫወቱት ጌም ላይ ይደረግ፤ ማነቆው እንደ ጌሙ ይለያያልና። ሲቲስ፦ ስካይላይንስ ከተማው በሰፋ ቁጥር ፕሮሰሰሩን ያስጨንቃል። ሳይበርፐንክ 2077 በከፍተኛ ጥራት ግራፊክስ ካርዱን ይፈትናል።

ማነቆው ቦታ ሲቀይር

ማነቆ አይጠፋም፤ አንዱ ሲፈታ ቀጣዩ ቀርፋፋ ክፍል ቦታውን ይይዛል። በቢሮ አገልግሎ ለቤት የተገዛ አንድ ባለ ትንሽ ሳጥን ዴል ኦፕቲፕሌክስ 7040 እንውሰድ፦ እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣው ባለ አራት ኮር አይ5-6500 ፕሮሰሰር፣ 8 ጊጋባይት ራምና ሃርድ ዲስክ አለው፤ የተለየ ግራፊክስ ካርድ የለውም። ኤስኤስዲና ሌላ 8 ጊጋባይት ራም በመጠነኛ ገንዘብ ይጨመሩለታል። ከዚያ ማነቆው ግራፊክስ ነው። ትንሹ ሳጥን የያዘው ፓወር ሰፕላይ 180 ዋት ብቻ ስለሆነ፣ ከማዘርቦርዱ በሚያገኘው 75 ዋት የሚሠራ፣ ቁመቱም ያጠረ ካርድ ይፈልጋል፤ ጂቲኤክስ 1650 እንዲህ ያሉ ሞዴሎች አሉት። ከዚያ በኋላ ተራው የፕሮሰሰሩ ነው፤ አራት ኮር ለብዙ አዳዲስ ጌሞች ያንሳል።

ማሻሻል የሚቆመው እዚህ ነው። ከአራት ኮር በላይ ያለው አዲስ ፕሮሰሰር አዲስ ማዘርቦርድ ይጠይቃል፤ ማዘርቦርዱ ብዙውን ጊዜ አዲስ ራም፣ ሌላ ሳጥንና ፓወር ሰፕላይ ያስከትላል። ይህ በቁርጥራጭ የሚገዛ አዲስ ኮምፒውተር ነው። በዚያ ላይ ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል፤ አይ5-6500ም ዊንዶውስ 11 ከሚቀበላቸው ፕሮሰሰሮች ውስጥ የለም።

ልጆቹን ለማስደሰት ከደመወዙ ቀንሶ የቆጠበ ወላጅ ውዱን ካርድ ገዝቶ ምንም ለውጥ ሳያይ ሲቀር ያሳዝናል። ሻጩ ያለውን ዕቃ ያሳያል፤ የቤቱን ማነቆ ማወቅ ግን የገዢው ድርሻ ነው። ማነቆው ባለው ማዘርቦርድ ላይ በአንድ ዕቃ የሚፈታ ከሆነ ይሻሻል። ከማዘርቦርዱ ጀምሮ ሁሉን የሚያስቀይር ከሆነ ገንዘቡ ለአዲሱ ይጠራቀም፤ እስከዚያው አሮጌው የሚችላቸው ብዙ ጥሩ ጌሞች አሉ።

በዓረፍተ ነገር

“የዚህ ኮምፒውተር ማነቆ ሃርድ ዲስኩ ነው፤ ካርድ ከመግዛትህ በፊት ኤስኤስዲ አስገባለት።”

“ራም ብጨምርም ጌሙ አልፈጠነም፤ ማነቆው ለካ ፕሮሰሰሩ ኖሯል።”