«አንቱ» እና «ዩ»፦ ስለ ትክክለኛ ተውላጠ ስም ምርጫ

ሰዋስው በግዕዝ ቋንቋ መሰላል ማለት ነው። የጥንት ሊቃውንት የቋንቋን ሥርዓት በዚህ ስም መጥራታቸው፣ ተማሪ የታችኛውን እርከን ሳይረግጥ ወደ ላይኛው ሊወጣ አይችልም ከማለት ጋር የሚስማማ ነው። የዚህ መሰላል ዝቅተኛው እርከን ደግሞ ተውላጠ ስም ነው። በቅኔ ቤት አሥሩ ተውላጠ ስሞች «መራሕያን» ይባላሉ፤ ግሥ ሁሉ በእነርሱ እየተመራ ስለሚረባ ነው። እንግሊዝኛ በየትምህርት ቤቱ ከተስፋፋ ወዲህም ተማሪን ዘወትር የሚያሰናክለው ይኸው ዝቅተኛ እርከን ሆኖ ቆይቷል። በመሆኑም «አይ» ወይስ «ሚ»፣ «ሂ» ወይስ «ሂም»፣ «ሁ» ወይስ «ሁም» የሚለው ጥያቄ ከአገሩ የሰዋስው ታሪክ ጋር ተያይዞ ሊመረመር የሚገባው ነው።

በደቡብ ጎንደር ምሥራቃዊ ክፍል የሚገኙት ጋይንት፣ ስማዳና እስቴ የትምህርት አገር መሆናቸው የታወቀ ነው። በጋይንት የምትገኘው ቤተልሔም የድጓ ማስመስከሪያ ስትሆን፣ ዙር አምባም በዝማሬና በመዋሥዕት ትምህርት ማስመስከሪያነቱ ስሙ የገነነ ነው። ከወገዳ እስከ አርብ ገበያ፣ ከነፋስ መውጫ እስከ መካነ ኢየሱስ ባለው አገር ቆሎውን ቋጥሮ፣ ደበሎውን ለብሶ ከጉባኤ ወደ ጉባኤ የሚዘዋወር ተማሪ ዛሬ የመጣ አይደለም። ይህ ተማሪ ወደ ቅኔ ሲገባ አስቀድሞ የሚማረው ግሥ ማርባት ነው። «ቀተለ፣ ቀተሉ፣ ቀተለት፣ ቀተላ» ብሎ ይጀምርና «ቀተልከ፣ ቀተልክሙ፣ ቀተልኪ፣ ቀተልክን» ብሎ ቀጥሎ፣ «ቀተልኩ፣ ቀተልነ» ሲል ይፈጽማል። ከውእቱ እስከ ንሕነ ያሉት አሥሩ መራሕያን በቃሉ የተቀረጹ ስለሚሆኑ ባለቤትና ግሥ ሳይስማሙ ቢቀሩ ጆሮው ወዲያው ያውቀዋል።

ግዕዝ ከዚህም አልፎ ለባለቤትና ለተሳቢ የተለያየ መልክ ያለው ተውላጠ ስም አለው። «አነ» ባለቤት ሲሆን ተሳቢው «ኪያየ» ነው፤ «ውእቱ» ባለቤት ሲሆን ተሳቢው «ኪያሁ» ነው። መጠይቁም እንዲሁ ነው፤ ባለቤት ሲሆን «መኑ»፣ ተሳቢ ሲሆን «መነ» ይባላል። ይህ ሥርዓት ከእንግሊዝኛው ጋር በእጅጉ ይቀራረባል። «አይ» ወደ «ሚ»፣ «ሂ» ወደ «ሂም»፣ «ሁ» ወደ «ሁም» የሚለወጠው «አነ» ወደ «ኪያየ»፣ «መኑ» ወደ «መነ» በሚለወጥበት ምክንያት ነው። እንግዲህ የቅኔ ተማሪ እንግሊዝኛን ሳያይ የእንግሊዝኛን ተውላጠ ስም ምሥጢር በእጁ ይዞ ነበር ማለት ነው።

አማርኛ ግን ሌላ መንገድ ይከተላል። «እኔ» የሚለው ቃል ተሳቢ ሲሆን መልኩን ሳይለውጥ «ን»ን ብቻ ጨምሮ «እኔን» ይሆናል፤ መስተዋድድ ሲቀድመውም «ለእኔ»፣ «ከእኔ»፣ «በእኔ» ይባላል እንጂ ቃሉ ራሱ አይነካም። የብዙ ተማሪዎች ስሕተት የሚመነጨውም ከዚሁ ነው። «በአንተና በእኔ መካከል» የሚለውን ወደ እንግሊዝኛ ሲመልሱ «ቢትዊን ዩ ኤንድ አይ» ይላሉ፤ ትክክለኛው «ቢትዊን ዩ ኤንድ ሚ» ነው። ይህን ስሕተት እንግሊዞችም ራሳቸው ይሠሩታል፤ ምክንያቱ ግን የተለየ ነው። እነርሱ በልጅነታቸው «ሚ» ባሉ ቁጥር ሲታረሙ አድገው፣ እርማቱን ከቦታው ውጭ ስለሚዘረጉት ይስታሉ። ኢትዮጵያዊው ተማሪ ግን የሚስተው የገዛ ቋንቋው ሕግ ስለሚመራው ነው። ሕመሙ አንድ መስሎ መንሥኤው ሁለት ከሆነ መድኃኒቱም አንድ ሊሆን አይችልም።

ሁለተኛው ጉዳይ አክብሮት ነው። በጎንደር፣ በጎጃምና በወሎ ሽማግሌን፣ ካህንን ወይም እንግዳን «አንተ» ማለት ነውር ሲሆን፣ ተገቢው «አንቱ» ነው። ይህ ቃል ከግዕዙ የብዙ ቁጥር መራሒ ከ«አንትሙ» ጋር የሚዛመድ ነው። በአዲስ አበባና በሸዋ የሚዘወተረው «እርስዎ» ግን የመጣው «ርእስ» ከሚለው ቃል ነው፤ «እርሱ»፣ «እርሷ»፣ «እርሳቸው» የተባሉትም ከዚሁ ምንጭ የተቀዱ ናቸው። «አንቱ የተባለ ሊቅ» የሚለው አነጋገር እስከ ዛሬ መኖሩ ተውላጠ ስም የክብር ማዕረግ እስከ መሆን መድረሱን ያመለክታል። የቅኔ መምህር የሚጠሩበት «የኔታ»ም «የእኔ ጌታ» ከማለት የመጣ ሲሆን፣ በውስጡ ያለው አገናዛቢ ተውላጠ ስም ነው። በዚህ አገር ተውላጠ ስም መምረጥ ሰው መመዘን ነው፤ በምርጫው የሳተ ሰውም ከነጥብ ይልቅ ክብር ያጎድላል።

በእንደዚህ ያለ ባህል ያደገ ልጅ መምህሩን «ዩ» ብሎ ለመጥራት ቢያመነታ አይፈረድበትም። የእንግሊዝኛን ታሪክ ቢያውቅ ግን ማመንታቱ ይወገድለት ነበር። በጥንታዊው እንግሊዝኛ ለአንድ ሰው «ዛው»፣ ለብዙ ሰዎች «ዪ» ይባል ነበር፤ «ዩ» ደግሞ የ«ዪ» ተሳቢ ነበር። ከ13ኛው ምዕት ዓመት ጀምሮ በፈረንሳይኛ ተጽዕኖ የብዙ ቁጥሩ ቃል ለአንድ የተከበረ ሰው ማክበሪያ ሆነ፤ ይህም «አንትሙ» ወደ «አንቱ» ከተጓዘበት መንገድ ጋር አንድ ነው። በ17ኛው ምዕት ዓመት በጆርጅ ፎክስ የሚመሩት ኩዌከሮች ለመኳንንትም ለድሀም እኩል «ዛው» በማለታቸው ተሰድበዋል፣ ተደብድበዋልም። በ18ኛው ምዕት ዓመት ግን «ዛው» ከመደበኛው የዕለት ንግግር ወጥቶ «ዩ» ብቻ ቀረ። እንግዲህ እንግሊዞች «አንተ»ን ጥለው ሁሉንም «አንቱ» ማለትን መረጡ እንጂ «አንቱ»ን አልጣሉም። «ዩ» የሚል ተማሪ መምህሩን አላዋረደም፤ ጓደኛውን ነው ያከበረው።

አክብሮት በሦስተኛው መደብም ሌላ ችግር ያስከትላል። «እሳቸው» የሚለው ቃል ወንድና ሴትን አይለይም፤ ግሡም የብዙ ቁጥር መልክ አለው። ስለዚህ ስለ አንዲት የተከበሩ እናት የሚጽፍ ተማሪ «ሺ» ማለት ሲገባው «ዜይ» ብሎ ይጽፋል፤ ወይም ደግሞ «ሂ» ይላል። በሌላ በኩል አማርኛ ግዑዙን ነገር «እሱ» ወይም «እሷ» እያለ ስለሚጠራ፣ ተማሪው ፀሐይን «ሺ» ብሎ ጽፎ ቀይ መስመር ይሰመርበታል። ተማሪው ይህን የሚያደርገው ቋንቋው ባስተማረው ሥርዓት እንጂ በስንፍና አይደለም።

የሁለቱ ቋንቋዎች ሰዋስው የተገናኘበት ታሪክም ረጅም ነው። ሂዮብ ሉዶልፍ ከኢትዮጵያዊው ሊቅ ከአባ ጎርጎርዮስ በተማረው መሠረት የአማርኛን ሰዋስው በላቲን ጽፎ በ1698 እ.ኤ.አ. በፍራንክፈርት አሳተመ። ኢዘንበርግ የተባለው ሚሲዮናዊ ደግሞ በ1842 እ.ኤ.አ. በለንደን የአማርኛን ሰዋስው በእንግሊዝኛ አወጣ። በቤጌምድር የተወለዱት አለቃ ታዬ ገብረ ማርያም የግዕዝን ሰዋስው በአማርኛ አዘጋጅተው በ19ኛው ምዕት ዓመት መጨረሻ በምንኩሉ አሳትመዋል። ከዚያም በኋላ ብላታ መርስዔ ኀዘን ወልደ ቂርቆስ የአማርኛን ሰዋስው ለዘመናዊ ትምህርት ቤት እንዲስማማ አድርገው አሰናዱት። በ1948 ዓ.ም. የታተመው የአለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ መጽሐፍም ሰዋስውን፣ ግሥንና መዝገበ ቃላትን በአንድነት ይዟል።

ከ1933 ዓ.ም. ነፃነት በኋላ እንግሊዝኛ የትምህርት መስጫ ቋንቋ ሲሆን ግን ይህ ሁሉ ዕውቀት ከክፍሉ በር ውጭ ቀረ። በ1955 ዓ.ም. ከ270 በላይ የሆኑ የአሜሪካ የሰላም ጓድ መምህራን መጥተው በየጠቅላይ ግዛቱ ሲመደቡ፣ ግዕዝን የሚያውቅ ተማሪና አማርኛን የማያውቅ መምህር በአንድ ክፍል ተገናኙ። መምህሩ «አይ» እና «ሚ»ን በምሳሌ ያስተምራል፤ ከቅኔ ቤት የመጣው ተማሪም «አነ» እና «ኪያየ»ን ያውቃል። ይሁን እንጂ ሁለቱን የሚያገናኝ ድልድይ አልነበረም። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ እንግሊዝኛ ከ1ኛ ክፍል ጀምሮ እንዲሰጥ ባደረገ ጊዜም ድልድዩ አልተሠራም።

ትክክለኛ የሚባለውም ቢሆን ሁልጊዜ አከራካሪ እንደ ነበረ መዘንጋት አይገባም። በኋላ የለንደን ጳጳስ የሆነው ሮበርት ላውዝ በ1762 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ሰዋስው የተውላጠ ስምን አጠቃቀም በላቲን ሥርዓት ሲመዝን፣ በዚያው ዘመን የነበረው ጆሴፍ ፕሪስትሊ የመልካም ጸሐፊዎች ልማድ ሊከበር ይገባዋል ይል ነበር። «ኢት ኢዝ አይ» ወይስ «ኢት ኢዝ ሚ» የሚለው ክርክር ከዚያን ጊዜ ወዲህ አልበረደም። ይህን ክርክር አማርኛ በአንድ ሐረግ ያስታርቀዋል። «እኔ ነኝ» ሲባል «እኔ» የባለቤት መልክ ሲሆን፣ በ«ነኝ» መጨረሻ ያለው «ኝ» ግን «መታኝ» በሚለው ግሥ ላይ ያለው የተሳቢ ምልክት ነው። ላውዝና ፕሪስትሊ የተከራከሩባቸው ሁለቱ መልኮች በአማርኛ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል።

እንግዲህ የእንግሊዝኛ መምህር ሥራ ስሕተትን በቀይ ቀለም ከማስመር ይጀምራል እንጂ በዚያ አያበቃም። ተማሪው «ቢትዊን ዩ ኤንድ አይ» ብሎ ሲጽፍ «በእኔ» ብሎ ማሰቡን፣ «ዜይ» ብሎ ሲጽፍ «እሳቸው» ብሎ ማክበሩን መገንዘብ ያስፈልጋል። ስሕተቱ ከየት እንደ መጣ ያልተነገረው ተማሪ ለፈተናው ያህል ይታረምና ፈተናው ሲያልፍ ይመለስበታል። ምክንያቱ የተነገረው ግን የገዛ ቋንቋውንም የባዕዱንም ሕግ አብሮ ያውቃል። በወገዳ ወይም በነፋስ መውጫ ክፍል ውስጥ የቆመ መምህር ሰሌዳው ላይ «አነ፣ ኪያየ» ብሎ ጽፎ በጎኑ «አይ፣ ሚ» ቢያሰፍር፣ በአካባቢው ጉባኤ ቤቶች ለብዙ ዘመን ሲወርድ ሲዋረድ የኖረውን ትምህርት ለአዲሱ ትምህርት መወጣጫ አደረገው ማለት ነው። መሰላሉ ከጥንት የተተከለ ነው፤ የቀረው በእርሱ መውጣት ነው።