ሁለት ኮረንቲ ያለው ቤት

ቤይሩት የመጣሁ ሰሞን ማዳም ቀኑን ሙሉ «ኢጂት ኢል ከህረባ?» ትል ነበር፤ መብራት መጣ ወይ ማለቷ ነው። ይሄ ጥያቄ ለእኛ አገር ሰው ብርቅ አይደለም። ብርቅ የሆነብኝ መብራት ሄዶም ቤቱ አለመጨለሙ ነው። ከበሩ ጀርባ ባለው ሳጥን ሁለት መስመር ይገባል፤ አንዱ የመንግሥት፣ ሌላው የኢሽቲራክ። ለምን ሁለት እንደሆነ ማጠያየቅ የጀመርኩት ግን ኮረንቲ ከያዘኝ በኋላ ነው።

የመንግሥቱ ድርጅት፣ ኤሌክትሪሲቴ ዱ ሊባን፣ የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1964 ነው። ከ1975 እስከ 1990 በቆየው የእርስ በርስ ጦርነት ጣቢያውም ሽቦውም ተጎዳ፤ ሰው በየበረንዳው ትንንሽ ጄኔሬተር ማስነሳት ያዘ። ቆይቶ ትልልቅ ሞተር የገዙ ሰዎች ለሰፈሩ በሽቦ እያከፋፈሉ በወር ማስከፈል ጀመሩ። ኢሽቲራክ የምንለው ይሄንን ነው። በ1990ዎቹ ዛህራኒና ዴር አማር ላይ አዳዲስ ጣቢያዎች ቢሠሩም የእስራኤል አውሮፕላኖች በ1996 እና በ1999 ጀምሁር ያለውን ጣቢያ ደበደቡ፤ የድርጅቱም ዕዳ በየዓመቱ ተከመረ። ከቀውሱ በፊት መሃል ቤይሩት በቀን 3 ሰዓት ነበር የሚጠፋው፤ ከከተማው ውጭ ያሉት እህቶች ግን ከዚያ በጣም የረዘመ ጨለማ ያውቃሉ። ኦክቶበር 9 ቀን 2021 ነዳጅ አልቆ ዛህራኒም ዴር አማርም ቆሙና የመንግሥት መብራት ከአገሪቱ በሙሉ ጠፋ።

ኢሽቲራክ የሚሸጠው በአምፔር ነበር፤ ቆጣሪ ግዴታ የሆነው በ2018 ነው። ብዙ ቤት 5 አምፔር አለው። 5ን በ220 ቮልት ስታባዡት 1,100 ዋት ይሆናል። ካውያ ብቻውን 2,000 ዋት ገደማ ይጎትታል። እንግዲህ በኢሽቲራክ ሰዓት ካውያ ስትሰኪ ብሬከሩ «ጠቅ» ብሎ ቢወርድ አንቺ ምንም አላበላሸሽም፤ ሒሳቡ ነው ያልበቃው። ስንቶቻችን በዚህ ተሰድበናል! ብሬከሩ የሚወርደው ሽቦው ግሎ እንዳይቃጠል ነው። ስለዚህ በእንጨት ደግፎ ማቆም (አይቻለሁ፣ ሲያደርጉት) ቤቱን ለእሳት መስጠት ነው።

የእኔ ጉዳይ እንዲህ ነበር። በዚያ በከፋው ጊዜ የመንግሥቱም የለም፣ ሞተሩም ነዳጅ አጥቶ ቆሟል። «አሁን ከህረባ የለም፣ የሳሎኑን መብራት ጥረጊ» ተባልኩ። መሰላል ላይ ወጥቼ በእርጥብ ጨርቅ ስወለውል የመንግሥቱ ድንገት መጣ። ክንዴን እስከ ትከሻ ነዘረኝና ወለሉ ላይ አገኘሁት ራሴን። እጄን ሁለት ሳምንት ማንሳት አልቻልኩም፤ ሐኪም ያሳየኝም አልነበረም።

«መብራት የለም» ማለት «ሽቦው ሞቷል» ማለት እንዳልሆነ የገባኝ ያኔ ነው። ግድግዳው ላይ ያለው ማብሪያ ማጥፊያ ብቻውንም አያድንም፤ ሥራው ከተበላሸ ቤት ውስጥ አምፖሉ ጠፍቶ ኮረንቲው እዚያው ሊጠብቅሽ ይችላል። የመንግሥቱን ብሬከር ብቻ ብታወርጂም ኢሽቲራኩ በሌላው በኩል ይገባል። በብዙ ሳጥን ከአንዱ ወደ ሌላው የሚገለበጥ እጀታ አለ፤ መሃል ላይ ሲቆም ሁለቱም ይዘጋሉ። አንዳንዱ ቤት ግን ራሱ ይቀያይራል፤ እዚያ ሁለቱንም ብሬከር ማውረድ ያስፈልጋል። አሁን ደግሞ ከ2021 ወዲህ ጣሪያው ሁሉ ሶላር ሆኗል፤ ባትሪ ያለበት ቤት ሁለቱ ተዘግተውም ሦስተኛው ይሠራል።

እኔ ዛሬ «ከህረባ የለም» ስባል ሳጥኑ ጋ ሄጄ ማዳም ራሷ እንድትዘጋው እጠይቃታለሁ፤ እያየሁ። መጀመሪያ ቀን ተቆጣች። ጨርቁን እንደያዝኩ ቆሜ ጠበቅኋት፤ መጥታ ዘጋችው።