ከሰው በላይ ምን መድኃኒት አለ?

እናቴ የታመመች ሰሞን ደሴ ስገባ ሳሎናችን በሰው ተሞልቷል። ረከቦቱ ቀርቧል፣ እጣኑ ይጨሳል፣ ጫቱም አለ። አንድ አባት ዱዓ ያደርጋሉ፤ ከፊሉ «አሚን»፣ ከፊሉ «አሜን» ይላል። ኮድ ስጽፍ የማድር ሰው ነኝና በሆዴ «ይሄ ነገር በምን ሎጂክ ነው የሚሠራው?» አልኩ።

ወዳጃ ይባላል። ወሎ ውስጥ ሰው ሲታመም፣ ዝናብ ሲጠፋ ተሰብስቦ መለመኛ ነው። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ይቀመጥበታል።

ይሄ ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ። ከደሴ ወጣ ብሎ ባለው ቦሩ ሜዳ፣ በ1870 ዓ.ም. አፄ ዮሐንስ 4ኛ ጉባኤ ጠርተው ነበር፤ የወሎ ሙስሊም ክርስትና እንዲነሣም ታዘዘ። ኋላ ደሴን መቀመጫቸው ያደረጉት ኢማም መሐመድ ዓሊ ተጠምቀው ሚካኤል የተባሉት በዚያው ዘመን ነው። አንሄድም ብለው ያመፁ፣ የተሰደዱም ነበሩ። ያን ያየ አገር ነው በአንድ ረከቦት ዙሪያ የሚቀመጠው። ዛሬም ከሁለቱም ወገን ወዳጃን የሚነቅፉ አሉ።

እናቴን ያዳናት የሐኪም መድኃኒት ነው፤ አልክድም። ግን እኔ አዲስ አበባ ሆኜ ብር ስልክ፣ መድኃኒቱን ሮጠው የገዙት፣ ሌሊት ተራ ገብተው ያደሩት እነዚያው «አሚን» ባዮች ናቸው።

ዘንድሮ ጎረቤታችን ታመሙ። ሄጄ ጥግ ላይ ተቀመጥኩ። ከአቦል እስከ በረካ ሳልነሣ «አሜን» አልኩ።