ወደ ላይ የሚወጣው መብረቅ

በክረምት ጋምቤላ አውሮፕላን ማረፊያ ተቀምጦ በረራ የሚጠብቅ መንገደኛ የሚያውቀው መብረቅ ወደ ምድር የሚወርደውን ነው፡፡ ከዚያው ደመና በላይ የሚበራውን ግን ከሥሩ ሆኖ ሊያየው አይችልም፤ ደመናው ራሱ ይጋርደዋል፡፡

“ብሉ ጄት” የሚባለው ሰማያዊ ብልጭታ ከደመናው አናት ተነስቶ እስከ 40 ወይም 50 ኪሎ ሜትር ከፍታ ይወጣል፡፡ ቀዩ “ስፕራይት” ግን ከደመናው አይነሳም፡፡ ኃይለኛ መብረቅ መሬት ሲመታ ከላይ ያለው የኤሌክትሪክ መስክ በድንገት ይለወጥና ከ50 እስከ 90 ኪሎ ሜትር ላይ የሚገኘውን ስስ አየር ያበራዋል፡፡ ቀይ ቀለሙ የናይትሮጅን ነው፤ ዕድሜውም የሰከንድ ሽራፊ ብቻ፡፡

ሕግ ያጠና ሰው የሚገርመው በማስረጃው ጉዳይ ነው፡፡ ስኮትላንዳዊው የፊዚክስ ሊቅ ቻርልስ ዊልሰን ነገሩ ሊኖር እንደሚችል በ1920ዎቹ በስሌት አሳይቶ ነበር፡፡ አብራሪዎችም ለዓመታት “አየን” እያሉ ሰሚ አጥተዋል፡፡ እ.ኤ.አ. ጁላይ 6 ቀን 1989 የሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ለሌላ ሥራ የሚፈትሹት ካሜራ በአጋጣሚ ቀረጸው፡፡ ስንት የዓይን ምስክር ያላስረዳውን አንድ ቪዲዮ አስረዳ፡፡ ችሎት ቢሆን ኖሮ ይግባኝ ያስጠይቅ ነበር፡፡

መንገደኛው በዚህ አይስጋ፡፡ የመንገደኛ አውሮፕላን ከ13 ኪሎ ሜትር በላይ እምብዛም አይወጣም፤ አብራሪው ዞሮ የሚያልፈው ደመናውን ነው፡፡

በጋምቤላ ሜዳ ላይ የበራን ስፕራይት ለማየት የሚመቸው 250 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ጅማ ላለ ሰው ነው፤ ያውም በክረምት የጅማ ሰማይ ከጠራለት፡፡